ለሆቴል፣ ለሱቅና ለመጋዘን ካሜራ ስታስገቡ፦ የስዊች፣ የኬብልና የባትሪ አመራረጥ

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች ለሆቴሉ፣ ለእህል መጋዘኑ ወይም ለፋርማሲው ካሜራ ሊያስገባ የሚመጣ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ዋናው እሱ አይደለም። በሥራችን እንደምናየው ካሜራው ራሱ እምብዛም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከጀርባው ያለው ነው፦ ዋቱ የማይበቃ ስዊች (የካሜራዎቹ ኬብሎች የሚሰበሰቡበት ሳጥን)፣ መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ኬብል፣ መብራት ሲሄድ ሩብ ሰዓት የማይቆይ ዩፒኤስ። ሌባ በገባበት ሌሊት ቀረጻው ተፈልጎ የሚታጣው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው። ስለዚህ በጀቱ ካልበቃ ካሜራውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ብሩን ለኬብል፣ ለስዊችና ለባትሪ አውሉት። በደህና መስመር ላይ ያለ ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ እየተቆራረጠ ከሚሠራ ባለ 8 ሜጋፒክስል ይሻላል።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ። ለእያንዳንዱ ካሜራ ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ ከስዊቹ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ማታ ስንት ዋት እንደሚበላ፣ በሴኮንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚልክ። ሜትሩን ስትለኩ ኬብሉ የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉ። በዓይን 60 ሜትር የሚመስለው ርቀት ኬብሉ ወደ ኮርኒስ ወጥቶ፣ ግድግዳ ዞሮ፣ እንደገና ሲወርድ በቀላሉ 90 ይሆናል። ወሰኑ ደግሞ 100 ሜትር ነው።

ከዋቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

የኔትወርክ ካሜራ መብራቱንም ምስሉንም በአንድ ኬብል ያመላልሳል፤ ይህን የሚያስችለው ስዊች ፒኦኢ ስዊች ይባላል። ካርቶኑ ላይ 802.3ኤኤፍ የሚል ካለ በአንድ ፖርት (ኬብል በሚሰካበት ቀዳዳ) እስከ 15.4 ዋት ያወጣል፤ ኬብሉ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ ካሜራው ጋ እንደሚደርስ የሚታሰበው 12.95 ዋት ነው። 802.3ኤቲ ከሆነ 30 ዋት አውጥቶ 25.5 ያደርሳል። ለተራ ካሜራ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ለሚዞረውና ለሚያጎላው ፒቲዜድ ካሜራ ሁለተኛውን ግዙ።

ከፖርቱ ይልቅ ጉድ የሚያፈላው ድምሩ ነው። ባለ 8 ፖርት ርካሽ ስዊች ብዙ ጊዜ ለሁሉም ፖርት በአንድ ላይ 60 ወይም 65 ዋት ብቻ ነው ያለው። ካሜራ ቀን ላይ 4 ዋት ገደማ ይበላል፤ መሽቶ ኢንፍራሬዱ (በጨለማ እንዲያሳይ የሚያደርገው፣ ለዓይን የማይታየው ብርሃን) ሲበራ ወደ 7 ከፍ ይላል፤ ማታም በቀለም እንዲያሳይ ነጭ መብራት የተገጠመለት ደግሞ 10 ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ 8 ካሜራ 80 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው፤ ስዊቹ ግን 65 ነው። ቀኑን ሙሉ ሰላም የነበረው ነገር ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሦስት ካሜራ እየጠፋ እየበራ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ተመልሶ ይስተካከላል። ቴክኒሻኑ ቀን መጥቶ ሲያይ ምንም ችግር አያገኝም። ይህን ምልክት ካያችሁ ካሜራ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የስዊቹን ጠቅላላ ዋት አንብቡና ደምሩ። በእያንዳንዱ ካሜራ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ዋት ደምራችሁ ከ25 እስከ 30 በመቶ ትርፍ ያለው ስዊች ምረጡ።

ሌላም አለ። አንዳንድ ስዊች ካሜራው በትክክል የሚበላውን ሳይለካ፣ ካሜራው ባሳወቀው የኃይል ክፍል (ክላስ) መሠረት ሙሉ 15.4 ዋት ይይዝለታል። እንዲህ ያለ ባለ 65 ዋት ስዊች አራት ካሜራ አብርቶ አምስተኛውን እምቢ ይላል፤ አራቱ ተደምረው 28 ዋት ብቻ እየበሉም ቢሆን። የሚስተካከል (ማኔጅድ የሚባለው) ስዊች ከሆነ በኮምፒውተር ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ በሚበላው ልክ እንዲሰጥ ታደርጉታላችሁ፤ የማይስተካከል ከሆነ መቀየር ነው።

«ፓሲቭ ፒኦኢ» ከሚባለው ተጠንቀቁ። ይህ ካሜራውን ሳይጠይቅ በቀጥታ 24 ወይም 48 ቮልት የሚለቅ ነው፤ በዋይፋይ አንቴናዎች ዘንድ የተለመደ ነው። 24 ቮልቱ መደበኛ ካሜራን አያስነሳም፤ 48ቱ ደግሞ ያልተዘጋጀ ላፕቶፕ ወይም ማተሚያ ማሽን ቢሰካበት ሊያቃጥል ይችላል። ካርቶኑ ላይ 802.3ኤኤፍ ወይም 802.3ኤቲ የሚል ከሌለ፣ ሻጩ ምንም ቢል አትውሰዱ።

ቀጥሎ ፍጥነቱ። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስሉን በሚጨምቀው በኤች.265 ዘዴ ሲቀርጽ 4 ሜጋቢት ገደማ፣ በቆየው ኤች.264 ከ6 እስከ 8 ሜጋቢት ይልካል። ስለዚህ ለካሜራው ፖርት 100 ሜጋቢት ከበቂ በላይ ነው፤ ሁሉም ፖርት ጊጋቢት የሆነ ስዊች ፍለጋ ብር አትጨርሱ። ጊጋቢት የግድ የሚሆነው ስዊቹን ከኤንቪአሩ (ቀረጻውን ከሚያስቀምጠው መቅረጫ) እና ከሌላ ስዊች ጋር የሚያገናኘው ፖርት ነው፤ 16 ካሜራ በ8 ሜጋቢት 128 ነውና በ100 አያልፍም። ምስሉ የሚንቀጠቀጠው፣ ሰው ሲራመድ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው የሚዘልለው ብዙ ጊዜ ይህ መስመር ሲጠብ ነው። ኤንቪአሩም የራሱ ወሰን አለው፤ «16 ካሜራ» ተብለው የሚሸጡ፣ በድምሩ 80 ሜጋቢት ብቻ የሚቀበሉ አሉ። ይህ ቁጥር ካርቶኑ ጀርባ ላይ በትንሹ ይጻፋል፤ ፈልጉት።

ሀርድ ዲስኩንም በዚሁ ቁጥር ታወጡታላችሁ። 1 ሜጋቢት በሴኮንድ፣ ቀንና ሌሊት ሲቀረጽ 10.8 ጊጋባይት ይሆናል። ባለ 4 ሜጋቢቱ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት፣ 16ቱ 691 ጊጋባይት፣ ለ15 ቀን ከ10 ቴራባይት ትንሽ ያልፋል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ማስቀረጽ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በር፣ ካዝናና የጭነት ማውረጃ ላይ ሙሉ ቀረጻ ይሁን። ጉድለቱ የሚታወቀው ወር ጠብቆ ቆጠራ ሲደረግ ለሆነ የእህል መጋዘን 15 ቀን አይበቃም። ዲስኩ ደግሞ ለክትትል ካሜራ የተሠራው ዓይነት ይሁን፤ ለቢሮ ኮምፒውተር የተሠራው ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት መጻፍ አይችልበትም።

አሁን ወደ ኬብሉ። ገበያ ላይ ካት 6 ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የአሉሚኒየሙ የኤሌክትሪክ መከላከል (በኦም የሚለካው ሬዚስታንስ) ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፤ መብራቱ በመንገድ ላይ ያልቃል፣ ሽቦው ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍ ይሰበራል። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ አንዱን ሽቦ በቢላ ጠርጉት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብር የመሰለ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። የተዘረጋ ኬብል ከሆነ በመልቲሜትር ለዩት፦ በወዲያኛው ጫፍ የአንዱን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች አገናኙ፣ በዚህኛው ጫፍ ኦሙን ለኩ። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ በ100 ሜትር 17 ኦም ገደማ፣ ወፈር ያለ ካት 6 ደግሞ 14 አካባቢ ያሳያል። 24 እና ከዚያ በላይ ካነበባችሁ ወይ አሉሚኒየም ነው ወይ የሆነ ቦታ ላይ የላላ መገጣጠሚያ አለ።

ቀለሙን በሁለቱም ጫፍ በአንድ ሥርዓት እሰሩ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አንዳንዱ ገጣሚ ጥንድ ጥንዱን ተራ በተራ ይደረድራል፤ ቀላሉ ቴስተር ከ1 እስከ 8 አብርቶ «ደህና ነው» ይላል፤ ኬብሉ ሲረዝም ግን ሦስተኛውና ስድስተኛው ሽቦ ከአንድ ጥንድ ስላልሆኑ መስመሩ ይቆራረጣል። የቴስተሩ መብራት ለዚህ ምስክር አይሆንም፤ ጫፉን በዓይን እዩ።

ውጭ የሚሄደው ኬብል ጥቁር፣ ለፀሐይ የተሠራ ልባስ ይኑረው፤ ግራጫው የቤት ውስጥ ኬብል በፀሐይ ይሰነጠቅና ክረምት ላይ ውኃ ያስገባል። በእህል መጋዘን አይጥ የፕላስቲክ ቱቦም ይበላልና ቢያንስ እስከ ሰው ቁመት ድረስ በብረት ቱቦ አሳልፉት። ካሜራው ጋ ሲደርስ ኬብሉ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይግባ፤ ዝናቡ ከማጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ከካሜራው ጋር የሚመጣውን የውኃ መከላከያ ክዳን ገጣሚዎች ብዙ ጊዜ ጊዜ ለመቆጠብ ይጥሉታል። እንጅባራና ዳንግላን በመሰለ ዝናቡ በማይተው አገር ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። 48 ቮልት ያለበት ፒን ላይ እርጥበት ሲገባ በጥቂት ወራት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ካሜራው ዝናብ ሲጥል ይጠፋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል። እንዲህ የሚያደርግ ካሜራ ካላችሁ መጀመሪያ ያንን ሶኬት ከፍታችሁ እዩ።

ከ100 ሜትር ሲያልፍስ? አንዳንድ ስዊች ጎኑ ላይ «ኤክስቴንድ» የሚል ማብሪያ አለው፤ ሲበራ እስከ 250 ሜትር ይደርሳል፣ ፍጥነቱ ግን ወደ 10 ሜጋቢት ይወርዳል። በደህና መዳብ ኬብል ለአንድ ካሜራ ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ሌላ ስዊች ሰክቶ አራት ካሜራ ማብዛት ግን አይሞከርም። ማብሪያው በአንዳንዱ ስዊች የሁሉንም ፖርት ፍጥነት ስለሚቀንስ ሳታውቁት በርቶ እንዳይቀር እዩት።

ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ፣ ወይም ወደ ግቢ በር ከሆነ ርቀቱ 40 ሜትርም ቢሆን ፋይበር አድርጉት። ምክንያቱ መብረቅ ነው። ጎጃም ክረምቱ መብረቅ ያበዛል፤ በሁለት ሕንፃ መካከል የተዘረጋ መዳብ ደግሞ በአቅራቢያ የወደቀውን መብረቅ ጉልበት ሰብስቦ ስዊቹንና ኤንቪአሩን በአንድ ጊዜ ያቃጥላል። በቀጥታ መመታት አያስፈልገውም፤ የሁለቱ ሕንፃዎች መሬት (ኧርዝ) ለቅጽበት የተለያየ ቮልት ሲይዝ ልዩነቱ በኬብሉ በኩል ያልፋል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ይህን አያስተላልፍም፤ ብረት የሌለበትን ዓይነት ምረጡ። ሲንግል ሞድ የሚባለው ፋይበር፣ በሁለቱም ጫፍ ኤስኤፍፒ ቀዳዳ (የፋይበር ሞጁል የሚሰካበት) ያለው ስዊች ወይም ፋይበሩን ወደ መዳብ ኬብል የሚቀይር ሚዲያ ኮንቨርተር ይበቃል። ነጠላ ክር የሚጠቀሙት ሞጁሎች ጥንድ ሆነው ነው የሚገዙት፤ አንዱ በ1310 ሌላው በ1550 ናኖሜትር ይልካል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ መስመሩ አይነሳም። ፋይበር ለካሜራው የኤሌክትሪክ ኃይል እንደማይሸከም ደግሞ አትርሱ፤ በሩ ጋ ላለው ስዊች እዚያው መብራትና ትንሽ ባትሪ ያስፈልገዋል።

ምሰሶ ላይ ላለና መዳብ የግድ ለሆነበት ካሜራ የመብረቅ መከላከያ ከኬብሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይገጠማል። መከላከያው ግን መሬት ካልተያዘለት ጌጥ ነው። የመሬቱ ሽቦ አጭርና ወፍራም ይሁን፣ ዘንጉ ከሕንፃው ዋና መሬት ጋር ይገናኝ። ለብቻው የተተከለ ዘንግ ያንኑ የቮልት ልዩነት መልሶ ይፈጥረዋል።

አንዳንዱ ደግሞ በሁለት አንቴና በአየር ማገናኘት ይመርጣል። መቆፈር በማይቻልበት ቦታ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ማየት ብቻ አይበቃም። በ5.8 ጊጋኸርትዝ ለ500 ሜትር መስመር መሀል ላይ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ዙሪያውን ባዶ መሆን አለበት። በመሀል ያለው ባሕር ዛፍ ዘንድሮ ከመስመሩ በታች ቢሆን በሁለተኛው ዓመት ይደርስበታል፤ በአዊ በኩል ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስማ ከዚህም አይሰንፍም። በበጋ ደህና የነበረ መስመር ክረምት ላይ ከደከመ እርጥብ ቅጠል መሀል ገብቶ ይሆናልና ወጥታችሁ ተመልከቱ።

መብራት ላይ ሒሳቡን ሳትሠሩ ዩፒኤስ አትግዙ። 16 ካሜራ በ7 ዋት 112፣ ስዊቹ ለራሱ 15፣ ኤንቪአሩ ከሁለት ዲስክ ጋር 30፣ ራውተሩ 10፤ በድምሩ 170 ዋት ያህል ነው። ጠረጴዛ ሥር የሚቀመጠው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ማለትም 84 ዋት ሰዓት ነው ያለው፤ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። ለ6 ሰዓት 1,020 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) ብክነት ሲጨመር 1,200። ተራውን የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ይበላዋልና 2,400 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ግዙ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ እስከ 80 በመቶ ስለሚወርድ 1,500 ዋት ሰዓት ይበቃል፤ ዋጋው ቢወደድም ዕድሜው ይክሳል። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ይሁን። ሞኒተሩን፣ የሪሴፕሽኑን ኮምፒውተርና የስልክ ቻርጀር እዚህ መስመር ላይ አትሰኩ፤ ሌሊቱን የሚያሳጥሩት እነሱ ናቸው።

መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ለጥቂት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራ የቮልቴጅ መከላከያ ከኢንቨርተሩ በፊት አስገቡ።

ስዊቹን ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ላይ አትደብቁት፤ ቀትር ላይ እዚያ ያለው ሙቀት የተራ ስዊች ዕድሜ ያሳጥራል። ዝቅ ያለ፣ የሚቆለፍ፣ አየር ያለው ሳጥን ውስጥ አድርጉት። ኤንቪአሩም ዘበኛው ክፍል አይሁን፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው።

ለትንሽ ሱቅ፣ ካሜራው ከ8 ካልበለጠና ሁሉም በአንድ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ውስጡ ፒኦኢ ያለው ኤንቪአር ግዙና ጨርሱ፤ ካሜራዎቹም ከሱቁ ዋይፋይ ተለይተው በራሳቸው መስመር ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ለሆነ ግን ስዊቹ የተለየ ይሁን፤ ፖርት ሲቃጠል ስዊቹን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ ቀረጻው ይተርፋል። ሆቴል ከሆነ የሚስተካከል ስዊች የግድ ነው፤ የእንግዳው ዋይፋይ፣ የቢሮው ኮምፒውተርና ካሜራው በቪላን (አንዱን ስዊች ወደ ተለያዩ ኔትወርኮች በሚከፍለው ቅንብር) ይለያዩ። የሚስተካከል ስዊች ሌላም ጥቅም አለው፦ የተኛ ካሜራን መብራቱን ከሩቅ ሆኖ አጥፍቶ ማብራት ይቻላል፤ አንዳንዱም ካሜራው መልስ መስጠት ሲያቆም ራሱ ያስነሳዋል። ሆቴሉ ሞጣ፣ ቴክኒሻኑ ባሕር ዳር ለሆነ ባለቤት ይህ ብቻውን የዋጋውን ልዩነት ይመልሳል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ማየት ለሚፈልግ፣ ቀረጻው እዚያው ኤንቪአሩ ላይ ይቆይ፤ በኢንተርኔት የሚወጣው ዝቅተኛው ምስል ብቻ ይሁን። አንድ ካሜራ በ512 ኪሎቢት ለአንድ ሰዓት ሲታይ 230 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በሲም የሚሠራ ራውተር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ከተተወ ጥቅሉን ይጨርሰዋል። ራውተሩ ላይ ፖርት ከፍቶ ካሜራውን በቀጥታ ለኢንተርኔት ማጋለጥ አይገባም፤ በአምራቹ መተግበሪያ ወይም በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ግቡ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሚራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያስቸገረው ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃላቸው ባልተቀየረ ካሜራዎችና መቅረጫዎች ላይ ተሰግስጎ ነበር።

ሰዓቱን ጂኤምቲ+3 ላይ አስተካክሉና ከኢንተርኔት ሰዓት እንዲወስድ አድርጉት። ፖሊስ ወይም ባለንብረት «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ሲመጣ ኤንቪአሩ ላይ የሚፈለገው ረቡዕ 02:00 ነው፤ ለረቡዕ አጥቢያ ማለት ነውና። ይህን ያላወቀ ጠባቂ ማክሰኞን ከላይ እስከ ታች አገላብጦ «የለም» ይላል። መቀየሪያውን ወረቀት ላይ ጻፉና ከሞኒተሩ አጠገብ ለጥፉ፦ ማታ 1 ሰዓት 19:00፣ ሌሊት 6 ሰዓት 00:00፣ ሌሊት 9 ሰዓት 03:00።

ለገጣሚው የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ፣ የሁሉም ካሜራ መብራት በበራበት፣ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ሁሉም ካሜራ ሳይቆራረጥ መቀጠሉን፣ ባትሪው ቃል የተገባውን ሰዓት መቆየቱን እዩ። ባትሪው ሲያልቅ ብሬከሩን መልሱና ማንም እጁን ሳያስገባ ቀረጻው በራሱ መጀመሩን አረጋግጡ። በማግስቱ የዚያን ሌሊት ቀረጻ በፍላሽ አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት። ከዚያ በኋላ የኤንቪአሩን፣ የስዊቹንና የራውተሩን የይለፍ ቃል፣ የትኛው ፖርት ወደ የትኛው ካሜራ እንደሚሄድ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ የተረፈውን ኬብልና የውኃ መከላከያ ክዳኖቹን በእጃችሁ ተቀበሉ።